ባደረባት ድንገተኛ ሕመም

በእኔ ሱቅ ሞቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ቢቸና መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ሰው ሲያልፍ ደግሞ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እተይባለሁ። የምተይብላቸው ሰዎች ያርፋሉ፣ ይለያሉ፣ ያሸልባሉ፣ ወደማይቀረው ቤታቸው ይሄዳሉ። ቄስ ከሆኑ ከዚህ ዓለም ድካም ያርፋሉ። አንድም ቀን ደክመው የማያውቁትም ያርፋሉ። በእኛ አገር የሚሞተው ከብት ነው።

ስሙና የትውልድ ቦታው ካለቀ በኋላ ምክንያቱ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ቤተሰቡ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጉበቱን በአረቄ የጨረሰው ሰውዬ “ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ” ነው። ሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቀዋም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ ነው። “እውነቷን እንኳ ተያት” ይሉኛል፣ እተዋታለሁ። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ወጣቶች በዝተዋል። “ባጋጠመው ድንገተኛ አደጋ” ብዬ እጽፋለሁ። የምን አደጋ እንደሆነ እኔ አልጠይቅም፣ እነሱም አይነግሩኝም፣ በሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀውም ሰው ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል።

ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ ትንሽ ማሾፌ ባይቀርም። ገመና መሸፈን ደግ ነገር ነው ብዬ ነው የኖርኩት። የሞተ ሰው ገላው ሲጋለጥ ልብሱን ራሱ አይሰበስብም፣ ሌላ ሰው ነው የሚሰበስብለት። እኔም ሥራዬን እንደዚያ አየው ነበር።

አንዲት ሐረግ ብቻ ነበረች የምትከብደኝ፤ ስተይባት ጣቴ ይዘገያል። ከእናቴ አፍ ስለምሰማት ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ አነጋገሯም እንደ ማንኛዋም የሞጣ ሴት ነው። ስለ ታላቅ እኅቴ ስትጠየቅ ግን ድምፅዋ ሌላ ይሆናል። ቀና ብላ፣ ወረቀት እንደሚያነብ ሰው፣ “ባደረባት ድንገተኛ ሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች” ትላለች። ከነ“ምክንያት”ዋ። የእኅቴ አስተማሪ በቀብሯ ላይ ያነበበው ነው። አንድ ጊዜ ሰምታ ያዘችው፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል ጨምራበት አታውቅም።

እኅቴ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ሞጣ ውስጥ ነው ያረፈችው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስሜን እዚህ አልጽፈውም፤ የሄደውን ለመተካት ለሚመጣ ልጅ ከሚወጡት ስሞች አንዱ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ እኔን ታቅፎ፣ ቤቱን ነቅሎ ወደ ቢቸና መጣ፤ እናቴም ሞጣን ዞራ አላየቻትም።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ አንድ የማላየው ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። እናቴ በገንዳ አጥባኝ አታውቅም፤ በጣሳ እየቀዳች፣ በአንድ እጇ ክንዴን ጨብጣ ነው የምታጥበኝ። እኩዮቼ ልብስ ሊያጥቡ ወንዝ ሲወርዱ እኔ ደጅ ላይ እቀራለሁ። ለትንሽ ጊዜ ዝም ካልኩ “ሰማሽኝ?” ትለኛለች። እንቅልፍ ሲወስደኝ ቀስቅሳኝ ዓይኔን ታየዋለች። ለምን ብላት “እንዲሁ ነው” ነው መልሷ። የሆነ ነገር እየጠበቀች እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ የምትጠብቀው ነገር እኔው ውስጥ ያለ ይመስለኝና እፈራ ነበር። ማደጌን፣ ማግባቴን፣ መውለዴን ሁሉ በዚያ ዓይን ነው ያየችው። ትዳሬ ሲፈርስ እንኳ ያን ያህል አልደነገጠችም።

አሁን ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት ማንኪያ አፏ ጋ አድርሳ ድርቅ ማለት ጀመረች። ትቆማለች፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ምግቧን ትቀጥላለች። ሐሳበኛ ሆነች ብለን ሳቅን፤ የሳቅኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ አልሳቀችም። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ከተቀመጠችበት ወደቀች። ጥርሷ ገጥሞ፣ ዓይኗ ተገልብጦ፣ እግሯ መሬቱን ይደበድብ ጀመር።

እናቴ ከእኔ ይልቅ ለልጄ ትቀርብ ነበር። ብትዘረጋ እጇ ይደርሳል። እሷ ግን ተነሥታ ወደ ኋላዋ ሄደች። ጀርባዋ ግድግዳው ላይ እስኪለጠፍ ሄደች፣ እዚያ ደርሳም ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ጭና ቆመች። አልጮኸችም። እኔ ጮኼ ነው የልጄን ራስ ጭኔ ላይ ያደረግኩት። ልጄ ነፍሷ ተመልሶ ውኃ ስትለምን እናቴ አሁንም እዚያው ነበረች። ተናደድኩባት፣ አፈርኩባትም። እንደ ዓይኗ ብሌን የምታያትን የልጅ ልጇን እንደ እባብ ሸሸቻት ብዬ፣ ቀኑን ሙሉ አላናገርኳትም።

ጎረቤት ሰምቶ ጠበል አለ። እናቴ ጾም የማትሽር፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ናት። በዚህ ግን “ጠበል አትገባም” አለች። “ትጠጣ፣ ትረጭ፣ ውኃ ውስጥ ግን አትገባም።” ቄሱ ቢመክሯትም ወይ ፍንክች። እኔም እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

ቢቸና ያየን ሐኪም ሞጣ ሄዳችሁ ለሌላ ሐኪም አሳዩ አለን። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት የምንኖርበት ጊዜ ስለሆነ ተከፈተ ሲባል በማለዳ ተሳፈርን። እናቴ አልቀርም አለች። ከወጣች ወዲህ ሞጣን ረግጣ የማታውቅ ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ከሁላችን ቀድማ መኪናው ውስጥ ገባች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ድካም ቢኖርም ጥያቄው ረጋ ያለ ነበር። መቼ ጀመራት፣ ምን ያህል ቆየባት፣ ምላሷን ነከሰች ወይ አለኝና ወደ እናቴ ዞረ።

“እማማ፣ በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ነበር?”

“የለም።”

“በልጅነቱ የሞተስ?”

“የሞተ” የሚለው ቃል እንደዚያ ባዶውን ሲነገር ሰምቼ ስለማላውቅ ነው መሰለኝ ደነገጥኩ። እናቴን ቀድሜ እኔ መለስኩ። “እኅት ነበረችኝ።”

“በምን ሞተች?”

“ባደረባት ድንገተኛ ሕመም” አልኩት።

ብዕሩን ይዞ ጠበቀ። “እሺ፣ ምን ሕመም?”

ስንት ጊዜ ተይቤዋለሁ፣ ስንት ሰው ስጽፍለት መርቆኛል። ምን ሕመም ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም፣ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። “አላውቅም” አልኩና ፊቴ ጋለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን እንተርታለን፤ ተረቱን ስንጨርስ በሽታውን እንደብቃለን።

ሐኪሙ አልፎት ሄደ። የሚጥል በሽታ መሆኑን ነገረኝ፣ ክኒን አዘዘ። ስትወድቅ ምን እንደምናደርግም በእጁ እያሳየ አስረዳን፤ በጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት እየጫራችሁ አታሽትቷት፣ ብቻዋን አትተዉአት። “ደግሞ ሰው ይፈራል” አለ። “ሲነኩት አይተላለፍም። ሳትፈሩ ያዟት።”

“አይተላለፍም?” አለች እናቴ። ከገባን ወዲህ በራሷ የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር።

“አይተላለፍም፣ እማማ።”

“ነፍሰ ጡር ብትነካውስ?”

“ለማንም አይተላለፍም።”

እናቴ ወደ እሱ ጠጋ አለች። ከዚያ፣ “ድሮም?” አለችው።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ምን ብላ እንደጠየቀችው አልገባውም፣ እኔም ያን ጊዜ አልገባኝም። “ድሮም ቢሆን” አላት። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና እስክንወጣ አላነሣችውም።

ከዚያ እሷ ፊት ፊት፣ እኔና ልጄ ከኋላ ሆነን ሄድን። ወዴት ነው ብላትም እርምጃዋን አልቀነሰችም። መንገዱ ተለውጧል፣ ፎቅ በቅሏል፣ እሷ ግን ሳትጠይቅ እየታጠፈች ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ደረሰች። ውስጡ እናቴን የምታክል፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች። በዚያን ዘመን የጎረቤታችን ሚስት ነበረች። ሞጣ ላይ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በንግድ የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ሁለቱ ተያዩ። ሴትዮዋ የለካችውን ጨርቅ ጥላ ተነሣች፤ አንገት ላንገት ተናንቀው ቆሙ።

“ይቺ ናት” አለች እናቴ ወደ እኔ እያሳየች። “ንገሪልኝ። እኔ አልችልም።”

ሴትዮዋ አየችኝ፣ ልጄን አየቻት፣ ውጭውን አየች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። “መርዶ በዚህ ሰዓት አይነገርም” አለች። “እደሩ። ሲነጋ።”

“ማን ሞተብኝ?” አልኩ። እራት ቀረበልን፣ ተኙ ተባልን። መርዶ የሚነገረው ሰው እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ያለ ልክ ይራራለታል፣ እህል ብላ ይባላል። እኔም እንደዚያ ነው የተያዝኩት።

ጎህ ሲቀድ ሴትዮዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጄ ከሴትዮዋ የልጅ ልጆች ጋር ሌላ ክፍል ተኝታለች። እናቴ ትይዩዬ ነበረች፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች።

“ልጄ” አለችኝ ሴትዮዋ፣ “እኅትሽን ይጥላት ነበር። ሰፈሩ ያውቅ ነበር፣ አንቺን ብቻ ነው ያልነገሩሽ። የዚያን ቀን ከሴቶቹ ጋር ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወርዳ ጣላት። በፊቷ ውኃው ላይ ተደፋች። ውኃው እኮ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።”

“አላወጧትም?”

“ሲይዘው የነካው ሰው ይወርሰዋል ይባል ነበር። ራቅ ራቅ አሉ። ክብሪት፣ ክብሪት አምጡ ተባለ፤ ጭሱን ካሸተተች ትነሣለች ብለው። ሌላ የሚያውቁት የለማ። አንዷ ክብሪት ልታመጣ ወደ ቤት ሮጠች። ሌሎቹ ዳር ቆመው እየጮኹ ጠበቁ። እኔ ልብሴን ተሸክሜ ስወርድ ክብሪቱን ይዛ ከምትመለሰው ጋር እኩል ደረስን። ገብቼ ገለበጥኳት።” እጆቿን አየት አደረገች። “እኔም ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ሳላስብ ነው። ከዚያ በኋላ መቼ ይጥለኝ ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ በፍርሃት ኖሬያለሁ።”

ክብሪት። ፊቷ ውኃ ውስጥ ያለን ልጅ በጭስ ሊያስነሡ ክብሪት ፍለጋ ተሮጠ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። እያለቀሱ፣ ማርያም ማርያም እያሉ፣ የሚያውቁትን መድኃኒት ነው የፈለጉላት።

“እናትሽም እዚያ ነበረች” አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። “ልትገባ ስትል ሴቶቹ ያዟት። አንቺን አርግዛ ነበር። በሆዷ ያለው ልጅ ይወርሰዋል ብለው...”

“አልያዙኝም” አለች እናቴ።

“ይዘውሻል እንጂ።”

“አልያዙኝም! አንቺ ስትደርሺ ነው የያዙኝ፣ ሳለቅስ። ከዚያ በፊት ማንም አልያዘኝም። ራሴ ነኝ የቆምኩት።” ወደ እኔ ዞረች። “ሆዴን ይዤ ቆምኩ። እግሯን አየዋለሁ። መጀመሪያ ይመታል፣ በኋላ ተወ። ስትተው ተሻላት ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩት።”

ከዚያ ሴትዮዋ እጇን ይዛላት፣ እናቴ አስተማሪው ስላነበበው ወረቀት ነገረችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበሩ። “ባደረባት ድንገተኛ ሕመም” ሲል አንድም ሰው ቀና አላለም። “እሷን የሸፈናት መስሎን ነበር” አለች እናቴ። “የሸፈነው እኛን ነው። እኔም ገባሁበት፣ እስከ ዛሬ አልወጣሁም።”

ጠላኋት። ለምን እዋሻለሁ፣ ለጥቂት ጊዜ እናቴን ጠላኋት። የወንዙን ዳር፣ ዳር የቆሙትን ሴቶች፣ አስተማሪውን፣ የራሴን ኪቦርድ ሁሉ ጠላሁ። ከዚያ እጆቿ እንደገና ሆዷ ላይ መሆናቸውን አየሁ። እሷ አላወቀችም። ባዶ የአሮጊት ሆድ ነው፣ ያኔ ግን እኔ ነበርኩበት። ያን ሁሉ ዘመን ቤታችን ውስጥ ያለ የመሰለኝ የማላየው ሰው እኅቴ ነበረች፤ እኔ እንድተርፍ ነው እሷ የቀረችው። አለቀስኩ። ሁለቱም እንደ አዲስ ሬሳ አብረውኝ አለቀሱ፤ ልጄ በጩኸቱ ነቅታ በሩ ላይ እስክትቆም ድረስ።

ቢቸና ስንመለስ ለትምህርት ቤት መንገር ነበረብን። እዚህ ላይ የፈራሁት እኔ ነኝ። ነገ ዘሯ ይጠየቃል፣ ሰው ጣቱን ይቀስርባታል፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ለክፍል ኃላፊዋ ብቻ በጆሮዋ ልነግራት ወሰንኩ። እናቴ ተከትላኝ መጣች። መምህርቷ ደግ ልጅ ናት፣ አዳመጠችን፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

“አይዞዎት እማማ፣ በምስጢር እንይዘዋለን።”

“በምስጢር አትያዙት!” አለች እናቴ። ቢሮው ውስጥ ያሉት መምህራን ሁሉ ዞሩ። “የሚጥል በሽታ አለባት። ስትወድቅ ንኳት። ልጆቹም ይስሙ፣ ዘበኛውም ይስማ፣ ሁሉም ይንካት። አይተላለፍም። ድሮም አይተላለፍም ነበር።”

ልጄ በሩ ላይ ነበረች። አንገቷን ደፍታ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ቤት ስንገባ “ማን ንገሩልኝ አላችሁ?” አለችኝ። በማግሥቱ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች። ልጄ እስካሁን ስለዚያ ቀን ስናነሣባት ተነሥታ ትወጣለች። ክኒኑ ቀነሰላት እንጂ ጨርሶ አልተዋትም።

እናቴ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ጋር ትወጣለች፤ ልጄ ሰው እንዳያያት ፈጠን ብላ ትቀድማታለች፣ እናቴም ከኋላዋ ታዘግማለች። ዘበኛው መጀመሪያ ላይ ከበሩ መለሳት፣ በኋላ ሰለቸውና ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አደላደለላት። ፀሐዩም ዝናቡም እዚያው ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት አንድ ቀን ተቆጣኋት። ክፍሉ ሩቅ ነው፣ ብትወድቅም ሮጠሽ አትደርሺ፣ እዚያ ተጎልተሽ ምን ልትፈይጂ ነው አልኳት።

“ቅርብ ልሁን ብዬ ነው” አለችኝ።